አያት የሌለው ብራውዘር

የንስር፣ የአገሩ ብራውዘር፣ አርባኛው ስሪት የወረደው በሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በመጋቢት ወር፣ በአንድ የአዘቦት ማለዳ አገሩ ቁርሱን እየበላ ሳለ ነው። ማንንም አላስነሳም፣ ማንንም አልጠየቀም። የሰው ሁሉ መነጽር ለአፍታ ጨለም ብሎ ተመልሶ በራ፤ በቃ። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ግን አገሩ ትንሽ ጎድሎ ነበር።

ደሴ ፒያሳ አንድ ጫማ ሰፊ በነበረበት ጥግ ላይ አመድማ ጭጋግ ቆመ። በሩ ክፍት ነው፤ ሰውዬውም ከውስጥ ቁጭ ብሎ ሶል ይወጋል። ግን የሱቁ ገጽ ድሮ የተሠራ ስለሆነ ንስር አላወቀውም፤ ንስር ያላወቀውን ደግሞ መነጽር ያደረገ ሰው አያይም። ድሮ ብራውዘር ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጥ ነበር አሉ፤ ዛሬ የሚቀመጠው ዓይን ላይ ነው፣ ያለ እሱ በር አይከፈትም፣ አውቶቡስ አይሳፈሩም። ሰዎች ጭጋጉን እየዞሩ አለፉ። ሰው ቶሎ ይለምዳል። ሳምንት ሳይሞላ ልጆች ጥጉን «የለም» ብለው ሰየሙት፤ «የለም ጋ ጠብቀኝ» ይባባላሉ።

ሕጉ አጭር ነበር፦ የማይታይ ገጽ የለም፤ በሌለ ገጽ ላይ አቤቱታ አይቀርብም።

ከወሎ ተራሮች ሥር ገደራ የምትባል የመስኖ ሜዳ አለች። የገደራ የውሃ አባት ሔመን ዘርዓብሩክ ናት። ሴት ሆና እንዴት አባት ተባለች ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ብቻ ነው፤ ሹመቱ ከጥንት የውሃ አባት ይባላል፣ የሚሾመው ሰው ቢለዋወጥም ስሙ አይለወጥም። ሊቀልዱባት የፈለጉ «አባታችን» ይሏታል፤ እሷም ኮስተር ብላ «ልጆቼ» ብላ ትመልስላቸዋለች። ሥራዋ ተራ መዳኘት ነው። ማን መቼ እንደሚያጠጣ ትለያለች፤ በቦይ የተጣላ ታስታርቃለች፤ ደለል ሳይጠርግ ውሃ የሚለምን ካለ ጆሮው እስኪግል ትነግረዋለች። በየማለዳው ደግሞ በመነጽሯ የበሩን ገጽ ትከፍትና «ክፈት» የሚለውን አረንጓዴ ሳጥን ትነካለች። ያኔ ገደሉ አፍ ላይ ያለው የብረት በር እያቃሰተ ይነሳል፣ ውሃ ይወርዳል።

ገጹ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ፊደሉ ወፍራም፣ ቀለሙ ዓይን የሚወጋ ነው፤ ዳርና ዳር ላይ ያለ ምክንያት የሚንጠባጠብ የውሃ ሥዕል አለው። የሠራው ድርጅት ከፈረሰ ዘመን አልፎታል፤ የበሩን ሆድ ዕቃ የሚያውቅ መሐንዲስም በሕይወት አልተገኘም። ከዓመታት በፊት ጎረምሶች በድጅኖ ሊከፍቱት ሞክረው፣ በሩ ሌባ የመጣበት መስሎት ራሱን ቆልፎ ሁለት ሳምንት አገሩን ሲያስለቅስ ከርሟል። ከዚያ ወዲህ የነካው የለም። በገጹ በኩል ግን ይታዘዛል።

ያን ማለዳ ሔመን እንደ ወትሮዋ በሩን ጠራች። መነጽሯ ላይ ነጭ ባዶ ነገር መጣ፤ መሀሉ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ገጽ የለም። መልካም ቀን።»

መነጽሩ የቆሸሸ መስሏት በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው። ያው ነው። ተነሳችና የንስርን መሥሪያ ቤት ጠራች። ደግ፣ የማይቸኩል ድምፅ መለሰላት።

«የበሩ ገጽ አልከፈት አለኝ» አለች።

«የትኛው ገጽ ነው፣ እመቤቴ?»

«የገደራ የውሃ በር።»

«እንዲህ ያለ ገጽ የለም።»

«ትናንት እኮ ነበር። በእጄ ነው የነካሁት።»

«ስለ ትናንት መረጃ የለኝም። በሌላ ነገር ልርዳዎት?»

«በሌላ ነገር ምን አጣሁና!» ብላ ዘጋችው።

ወቅቱ ሽንኩርት ራስ የሚቋጥርበት ነበር። በዚህ ጊዜ ውሃ ያጣ ሽንኩርት ቅጠሉ ይተኛል፣ ራሱም ከዝርግ አዝራር አያልፍም። ውሃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚደርቀው የቦዩ ግርጌ ነው፤ ግርጌ ላይ ደግሞ የእማማ ኖላዊት ማሳ አለች። እማማ ኖላዊት በወጣትነታቸው የዘመናዊ ስም ባለቤት ነበሩ፤ ዛሬ ስማቸው የአሮጊት ስም ሆኗል። ልጅ የላቸውም፣ ያላቸው ሽንኩርት ነው። መሬቱ የደረቀበትን ሰው መንግሥት አይጥልም፤ ከከተማ ዳር ያሉት ረጃጅም ፎቆች ላይ አንድ ክፍል ይሰጠዋል፣ ምሳው በቱቦ ይመጣለታል። እዚያ ከሄዱት ማንም ተመልሶ ሲያርስ አልታየም። እማማ ኖላዊት «እኔን ፎቅ ከምታወጡኝ ጉድጓድ አውርዱኝ» ብለዋል፤ ሲሉ ደግሞ አልሳቁም።

ሔመን በየቀኑ ጠራች። በየቀኑ ያ ደግ ድምፅ የለም አላት። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ፈቀደላት፦ አረጋጋጭ ይላካል። አረጋጋጭ ማለት አንድ የድሮ ገጽ መሞቱን በቦታው ተገኝቶ የሚፈርም ሰው ነው። ከፈረመ በኋላ ገጹ ያዝዘው የነበረው ነገር ባለቤት አልባ ይሆናል፤ በር ከሆነ በሲሚንቶ ይደፈናል፣ አዲስ በር ለማግኘት ወረፋ ይያዛል። የበር ወረፋ አራት ዓመት ነው። ሽንኩርት አራት ዓመት አይጠብቅም።

አረጋጋጩ ኢዮስያስ ይባላል። ቀጭን፣ ትሑት፣ ጫማው አቧራ የማያውቅ ሰው ነው። ገና ከመኪናው ሲወርድ ባርኔጣውን አነሳና በሩ አጠገብ የተሰበሰበውን ሰው አንገቱን ሰብሮ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ። መሥሪያ ቤቱ እንደዚያ በል ብሎ አሠልጥኖታል።

እማማ ኖላዊት ዙሪያቸውን አዩ። «ማን ሞተና?»

«ገጹ፣ እማማ።»

«አይ እንግዲህ! እኛ ሳናለቅስ ማን ገነዘው?»

ሰው ሳቀ። ኢዮስያስም ሊስቅ ሲል ሥልጠናው ትዝ አለውና ተወው። ሰሌዳውን አውጥቶ ከበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የሱ ሰሌዳ ንስር የማያሳየውን የገጽ ሆድ ዕቃ ያሳያል። ሥራው ቀላል ነው፤ ገጹን ይጠራል፣ መልስ ከሌለ ይፈርማል። በዚህ ወር ብዙ ፈርሟል። ሔመን ከጎኑ ተቀምጣ ሰሌዳውን ሳይሆን ፊቱን ታይ ነበርና ግንባሩ ሲቋጠር አየችው።

«ምነው?»

«አልሞተም» አለ ቀስ ብሎ። «ይናገራል።»

«ምን ይላል?»

«ማን ነህ ይላል። ንስር በጠራው ቁጥር ማን ነህ ብሎ ይጠይቃል። ንስር "ንስር ነኝ" ይላል። ገጹ ይህን ስም አያውቀውም፤ ዝም ይላል። ዝም ሲል ንስር የለም ይላል።»

«ታዲያ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዴት ይተዋወቁ ነበር?»

ኢዮስያስ ጥያቄውን እንዳልወደደው ያስታውቅ ነበር። ግን መለሰ። የድሮ ብራውዘሮች ውሸታሞች ነበሩ አላት። የመጀመሪያው ሲሠራ ገጾች ሁሉ ለእሱ ተሠሩ። ሁለተኛው ሲመጣ ገጾቹ አላስገባ ስላሉት የመጀመሪያውን ስም በራሱ ስም ላይ ጨመረ። ሦስተኛው የሁለቱንም ጨመረ። እንዲህ እንዲህ እያለ እያንዳንዱ ብራውዘር በየገጹ ደጃፍ ላይ የማያውቃቸውን የቀደምቶቹን ስም ሁሉ እየደረደረ ይገባ ጀመር። ንስርም እስከ ሠላሳ ዘጠነኛው ስሪት ድረስ እንደዚያው ያደርግ ነበር።

«በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ» አሉ እማማ ኖላዊት።

«ልክ እንደዚያ» አለ ኢዮስያስ። «ንስር ከማንም አልተወለደም። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እዚህ አገር ነው የተጻፈው። ለምን የሰው ስም ይለምናል? በአርባኛው ስሪት ውሸቱ ሁሉ ይውጣ ተባለ። ስሙ አንድ፣ እሱም ንስር። እኛ አረጋጋጮች ከጸሐፊዎቹ መሀል ነን የምንላከው፤ ውሸቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ።» ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ንጹሕ ነገር የሚወድ ሰው ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ነው አንዳንዴ አገር የሚያደርቀው።

ሔመን ተነሳች። ጫማዋን አወለቀችና አንድ እግሯን ደረቁ ቦይ ውስጥ አስገባች። የተሰበሰበው ሰው ይህን ሲያይ ወሬውን አቆመ፤ ምን ልታደርግ እንደሆነ አውቋል። በገደራ የውሃ ተራ የሚረከብ ሰው ሁሉ እንዲህ ቆሞ፣ ተራውን ከእሱ በፊት የያዙትን ሰዎች ቦዩን እስከ ቆፈረው ድረስ በስም ይቆጥራል። ያልቆጠረ ጠብታ አያገኝም።

«እኔ ሔመን ነኝ» አለች። «ይህን ተራ ከእኔ በፊት ሙላት ይዞታል። ከሙላት በፊት አበጋዝ። ከአበጋዝ በፊት ይማም። ከይማም በፊት ወለተ ኪዳን። ከወለተ ኪዳን በፊት እንድሪስ፣ በዶማ የቆፈረው።» ከዚያ ወደ ኢዮስያስ ዞረች። «እኔ የአሰላ ልጅ ነኝ። ሙላት ባሌ ነበር፣ አፈሩ ይቅለለውና። ከእነዚህ ከጠራኋቸው ውስጥ በደም የሚገናኘኝ አንድም የለም፤ እርስ በርሳቸውም ሁሉም አይዛመዱም። ንገረኝ እስቲ፣ ዋሸሁ?»

ኢዮስያስ ሰሌዳውን ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«ስማቸውን የጠራሁት ልጃቸው ነኝ ለማለት አይደለም። የእነሱን ድርሻ ደለል እጠርጋለሁ፣ እነሱ ለጎረቤት የገቡትን ቃል እጠብቃለሁ ማለቴ ነው። በሩ ማን ነህ ሲለው ያንተ ንስር ምን ተጠየቀ መሰለህ? አባትህ ማነው አልተባለም። ከአንተ በፊት የነበሩት የገቡልኝን ቃል ትጠብቃለህ ወይ ነው የተባለው። እሱ ደግሞ ስሜን ብቻ ውሰድ ብሎ ቆመ። እኔም በሩን ብሆን አልከፍትለትም።»

ኢዮስያስ ሰሌዳውን ተመለከተ። ፊርማ የሚኖርበት ቦታ ብልጭ ድርግም እያለ ይጠብቀው ነበር። ውሸት ብሎ የሰረዘውን መስመር አሰበ፤ ስሞቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፣ ሲሰርዛቸው አንብቧቸዋል። አብዛኞቹን ዛሬ የሚያስታውስ የለም። እነዚያን ብራውዘሮች የጻፉ ሰዎች ግን አንድ ነገር ተስማምተው ነበር፦ ዛሬ የተጻፈ ገጽ ነገም ይነበብ። ይህን ቃል የገባው ንስር አይደለም። ግን ቃሉ በተገባበት ቤት ውስጥ የሚኖረው ንስር ነው። ኢዮስያስ አፈረ፤ ማፈሩም ፊቱ ላይ ታየ። ባርኔጣውን አውልቆ ድንጋዩ ላይ አኖረና መጻፍ ጀመረ።

ገጹ ማን ነህ ሲል በዚህ ጊዜ ንስር ከራሱ ስም ቀጥሎ የቀደሙትን ሁሉ ቆጠረ። ሰሌዳው ላይ ያ ወፍራም ፊደል፣ ያ ዓይን የሚወጋ ቀለም ብቅ አለ። ሰው ሁሉ ተንጋግቶ መጣ።

ግን ገጹ ተወለጋግዶ ነበር። ፊደሉ በፊደል ላይ ተነባብሯል፤ አረንጓዴው «ክፈት» ቀዩ «ለዘለቄታው ዝጋ» ሥር ገብቶ ጫፉ ብቻ ይታያል።

«ያው አረንጓዴው! ንኪው እንጂ!» አሉ እማማ ኖላዊት።

ሔመን ጣቷን ሰነዘረች። ኢዮስያስ እጇን ያዘ።

«ይቆዩ! የሚታየው አረንጓዴ ነው፣ የሚነካው ግን ቀዩ ነው። ከነኩት በሩ እስከ ወዲያኛው ይዘጋል።»

ሔመን እጇን መለሰች። «ምን ነካው?»

«የድሮዎቹ ሲለኩ ይሳሳቱ ነበር። ሳጥን ሲለኩ የግድግዳውን ውፍረት ከክፍሉ ስፋት ውስጥ ይቆጥሩታል። ይህን ገጽ የሠራው ሰው ስህተቱን ያውቅ ነበር፣ በስህተቱ ልክ ሠራው። ንስር ደግሞ በትክክል ይለካል፤ በትክክል ሲለካ ሳጥኖቹ ሰፍተው አንዱ ባንዱ ላይ ይወጣል። ስህተቱንም ያወጣሁት እኔው ነኝ።»

«ሞኝ የተከለውን ብልህ አይነቅለውም ሲባል አልሰማህም ልጄ?» አሉ እማማ ኖላዊት።

ኢዮስያስ በዚህ ሳቀ፤ ገደራ ከደረሰ ጀምሮ ያመለጠው የመጀመሪያ ሳቅ ነበር። «ብልህ ስላልነበርኩ ነቀልኩት» አለ። «መልሼ ልትከለው።»

ይህ የእሱ ሙያ ነበርና ከዚህ በኋላ የሚያግዘው ሰው አላስፈለገውም። ጣቶቹ ሰሌዳው ላይ ሮጡ። በዓለም ላይ ከሁሉ በትክክል የሚለካውን ብራውዘር፣ ለድሮ ገጽ ሲሆን አውቆ እንዲሳሳት፣ የድሮዎቹ የተሳሳቱትንም ያህል ስንዝር ሳያዛንፍ እንዲሳሳት አስተማረው። እንዲህ ያለ ስህተት መሳሳት ከትክክል ይከብዳል። ከጥቂት በኋላ ሳጥኖቹ ተንቀሳቀሱ። ቀዩ ወደ ታች ወረደ። አረንጓዴው ወጥቶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ዳር ላይ ያ ምንም የማይሠራው የውሃ ሥዕል መንጠባጠብ ሲጀምር እማማ ኖላዊት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«አሁን» አለ ኢዮስያስ። «ይንኩት።»

ሔመን ነካችው።

በሩ አቃሰተ። ቆመ። እንደገና አቃሰተ፣ ከሥሩም ቡናማ ጭቃ ተፋ፤ ከጭቃው በኋላ ውሃው መጣ። እልልታው ገደሉን ሞላው። ወንዶች ቦዩ ውስጥ ዘለው ገቡ፤ ሔመን ራሷ ስታለቅስ ታየች፣ አልደበቀችውም። የራስጌ ሰዎች ቦያቸውን ለመክፈት ሲሮጡ ግን ድምፅዋ ቀደማቸው።

«ዛሬ ከግርጌ ነው የሚጀመረው።»

ከጥንት ጀምሮ የሚጀመረው ከራስጌ ነው። ጥቂት ማጉረምረም ተሰማ። ሔመን ዞር ብላ አየቻቸው፤ ማጉረምረሙ ቆመ፣ የራስጌ ሰዎችም አካፋቸውን አንስተው ውሃው በማሳቸው አጠገብ ሳይገባ እንዲያልፍ ቦዩን ይጠርጉለት ጀመር። ውሃው ግርጌ ሲደርስ እማማ ኖላዊት ማሳቸው መሀል ቆመው ነበር። ቁርጭምጭሚታቸው እስኪሸፈን አልተንቀሳቀሱም። «ፎቁን ለሌላ ሰው ስጡት» አሉ።

የቀረው የኢዮስያስ ነበር። በሩ የተከፈተው በእሱ ሰሌዳ ነው፤ እሱ ሲሄድ ይዘጋል። ለአንድ ገጽ ብቻ ምሕረት ለማድረግ የቦርድ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ወራት ይፈጃል። የተሰረዘን ነገር ለሁሉም ገጽ መመለስ ግን የሰረዘው ሰው ብቻውን ይችላል። ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ እግሩን ቦዩ ውስጥ ነክሮ ጥቂት አሰበ። ሥራውን እንደሚያጣ ገምቶ ነበር። ከዚያ ስሞቹንም ስህተቱንም ወደ ቦታቸው መልሶ ለአገሩ ሁሉ ላከው፣ ሔመን ቤትም እንግዳ ሆኖ አደረ።

በማግሥቱ ማለዳ የሰው ሁሉ መነጽር ለአፍታ ጨለም ብሎ ተመልሶ በራ። ጎንደር አንድ ክሊኒክ የበሽተኞቹን የሠላሳ ዓመት ራጅ መልሶ አገኘ። ጣና ላይ ቆማ የነበረች ጀልባ መልሕቋ ተፈታ። ጅማ አንድ መምህር ከሃምሳ ዓመት በፊት ለተማሪዎቹ የሠራው የሒሳብ ጨዋታ ተከፍቶ፣ የዛሬ ልጆች ተሻምተው ሲጫወቱት ዋሉ። የሞት ፊርማ ያረፈባቸው ገጾች እንኳ ማን ነህ ሲሉ መልስ አገኙ፤ መልስ ካገኙ ደግሞ ፊርማውን ማንም አላስታወሰውም።

ኢዮስያስ ቁርስ ላይ ሳለ አለቃው ወይዘሮ ማራማዊት ደወሉ። ድምፃቸው ሔመን ጋ ድረስ ይሰማ ነበር።

«ኢዮስያስ፣ ማን ፈቀደልህ?»

ኢዮስያስ የጎረሰውን ዋጠ። «የገደራ የውሃ አባት።»

«አገናኘኝ ከእሳቸው ጋር።»

ሔመን መነጽሯን አስተካከለች። «ጤና ይስጥልኝ። ሔመን ነኝ።»

ወይዘሮ ማራማዊት የሴት ድምፅ ስላልጠበቁ ትንሽ ተደናገሩ። ሊቆጡ ነበር የደወሉት፤ ግን ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ድካም ቀደማቸው። «የሉም ያልናቸው ሁሉ ጠዋት ተነስተው በየአቅጣጫው ሰላም እያሉን ነው» አሉ። «ብዛታቸውን አላውቅም፤ ቁጥራቸው መጨመሩን አላቆመም። ምን እናድርጋቸው?»

«ምን ይደረጋል እመቤቴ» አለች ሔመን፤ «ሰላም ላለ ሰው ሰላምታውን መመለስ ነው እንጂ። የእግዜር ሰላምታ አይከለከልም።»

ከወዲያ ማዶ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ ወይዘሮ ማራማዊት፣ አጠገባቸው ለቆመ ለማን እንደሆነ አይታወቅም፣ «ተዉት፣ እንዳለ ይቀጥል» ሲሉ ተሰሙ።

ሔመን አመስግና ተሰናበተች። ተራው የራስጌዎቹ ነበርና ጫማዋን አድርጋ ወደ በሩ ወጣች።